ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ማቆም አለበት? ስለ መታመንና ስለ ራስ ድርሻ

"በእግዚአብሔር ካመንክ ክኒኑን ለምን ትውጣለህ?" ይህ ጥያቄ ጸበል ቦታ ይነሳል፣ ጸሎት ቤት ይነሳል፣ ቤት ውስጥ በእናትና በልጅ መካከልም ይነሳል። የሚጠይቀው ሰው ብዙ ጊዜ ክፋት የለበትም። የሚወደው ሰው እንዲድን ይፈልጋል፣ መድኃኒት መውሰድ ደግሞ "አላመንኩም" ማለት ይመስለዋል። በዚህ የተነሳ ግን የኤች አይ ቪ፣ የስኳር፣ የሚጥል በሽታና የቲቢ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ሞተዋል። ስለዚህ ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። መድኃኒቱ ምን ይሠራል? መጽሐፍ ቅዱስ ምን ያሳያል? የቤተ ክርስቲያን አባቶችስ ምን አሉ?

ክርክሩ ከየት ተነሳ?

በኢትዮጵያ ጉዳዩ በደንብ ጎልቶ የወጣው በኤች አይ ቪ ዘመን ነው። በተለይ እንጦጦ ማርያም። ከአዲስ አበባ በላይ፣ ከባሕር ዛፉ መሃል፣ ቫይረሱ በደማቸው የተገኘ ብዙ ሰዎች ትንንሽ ክፍል ተከራይተው ለወራት፣ አንዳንዶቹም ለዓመታት እየተጠመቁ ኖረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መረሳት የለበትም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያኑ 2005) ነው። ከዚያ በፊት ዋጋው ለአብዛኛው ሰው የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ በዚያን ጊዜ ወደ እንጦጦ የወጣ ሰው ሕክምናን ንቆ አልወጣም። የሚሄድበት ሌላ ቦታ አልነበረውም። ጎረቤት ሸሽቶታል፣ አከራይ አስወጥቶታል፣ አንዳንዱን የገዛ ቤተሰቡ ሳይቀር ርቆታል። የተቀበለችው ቤተ ክርስቲያን ናት።

መድኃኒቱ በነጻ ሲመጣ ነው ጥያቄው የከበደው። ጸበል ላይ ያለ ሰው "አሁን ክኒን ብጀምር እስከዛሬ የለመንኩትን አምላክ መካድ አይሆንብኝም?" ብሎ ተጨነቀ። ጸበል እየጠጡ መድኃኒት መውሰድ ጸበሉን ማርከስ ነው የሚሉም ነበሩ። የፈራው ብዙ ነው። ሁለቱንም በድብቅ ያደረገም አለ፤ ክኒኑን ከጸበልተኛው ደብቆ፣ ጸበሉን ከሐኪሙ ደብቆ።

መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?

ኤች አይ ቪ ሰውነታችን በሽታ የሚከላከልባቸውን ሴሎች ገብቶ እየተባዛ ያጠፋቸዋል። መድኃኒቱ መባዛቱን ያግዳል። ቫይረሱ መባዛት ሲያቅተው በደም ውስጥ ያለው መጠን እየወረደ ይሄዳል፣ የተጎዳው የመከላከል አቅምም ያገግማል። ዛሬ ብዙ ሰው በቀን አንድ ፍሬ ብቻ ነው የሚወስደው። በአግባቡ የሚወስድ ሰው ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ያረጃል።

መድኃኒቱ የማይችለው ነገር ግን አለ። ቫይረሱን ጨርሶ ከሰውነት ማውጣት አይችልም። የተወሰነው በአንዳንድ ሴሎች ውስጥ አንቀላፍቶ ይቀመጣል፣ እዚያ እያለ መድኃኒቱ አይነካውም። ክኒኑ ሲቆም ያ የተኛው ይነቃል። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቫይረሱ በደም ውስጥ እንደገና ይበዛል። አንዴ እየወሰዱ አንዴ እየተዉ መሄድ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው፤ ቫይረሱ መድኃኒቱን ይለምድና መድኃኒቱ መሥራት ያቆማል።

ሌሎቹም በሽታዎች የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው የስኳር ሕመምተኛ መርፌውን ቢተው በቀናት ውስጥ ራሱን ሊስት፣ ሊሞትም ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም መውደቁ ከበፊቱ ብሶ ሊመጣ ይችላል። ቲቢ ደግሞ አሳሳች ነው። አብዛኛው ሰው ስድስት ወር ነው የሚታከመው፣ ሕመሙ ግን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀለል ስለሚል "ድኛለሁ" ማለት ያስመኛል። መሃል ላይ የሚያቆም ሰው መድኃኒት የለመደ ቲቢ ሊይዘውና ለቤተሰቡም ሊያስተላልፍ ይችላል።

ምርመራው "አልታየም" ካለ አልዳንኩም እንዴ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

መድኃኒቱን በደንብ የሚወስድ ሰው የቫይረስ መጠን ምርመራ ሲያደርግ ቫይረሱ "አልታየም" ሊባል ይችላል። ትልቅ የምስራች ነው። በደሙ ያለው መጠን መሣሪያው ሊቆጥረው ከሚችለው በታች ወርዷል ማለት ነው። በዚያ ደረጃ ላይ ያለና የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። ያ የተኛው ግን ገና አለ።

አሁን አንዲት ሴት እናስብ። ክኒኗን ትወስዳለች፣ ጸበል ትጠመቃለች፣ ሌሊት ተነስታ ትጸልያለች። ከወራት በኋላ ውጤቷ "አልታየም" ይላል። ደስታዋን መገመት አያዳግትም። እልል ትላለች፣ ትመሰክራለች፣ ከዚያም "ጌታ ፈውሶኛል" ብላ ክኒኑን ታቆማለች። እግዚአብሔርን ማመስገኗ ትክክል ነው። ስህተቱ የምስጋናውን ምክንያት መጣሏ ነው። ሲመልስባት ደግሞ ሁለት ጊዜ ትጎዳለች፤ አንደኛ ሰውነቷ፣ ሁለተኛ እምነቷ። "እምነቴ ጎድሎ ነው" ብላ ራሷን ትከሳለች። ያልሠራችውን ኃጢአት ተሸክማ ትኖራለች። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው።

እግዚአብሔር አድንሃለሁ ካለ እኔ ምን ቀረኝ?

መጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ ጥያቄ በታሪክ ነው የሚመልሰው። ሦስቱን ብቻ እንይ።

ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት ታመመ (2ኛ ነገሥት 20)። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ፣ ጸለየ። ኢሳይያስ ገና ከግቢው ሳይወጣ እግዚአብሔር መልሶ ላከው፤ ጸሎትህን ሰማሁ፣ እንባህን አየሁ፣ በዕድሜህ ላይ 15 ዓመት እጨምራለሁ አለው። ከዚህ የበለጠ የተረጋገጠ የፈውስ ቃል የለም፤ ከነዓመቱ ቁጥር ተነግሮታል። ቀጥሎ ያለው ግን ምንድን ነው? ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ አምጡ አለ፣ አምጥተው በእባጩ ላይ አደረጉለት፣ ተፈወሰ። ነቢዩ ተስፋውን በተናገረበት አፉ መድኃኒቱን አዘዘ። ሕዝቅያስም "ቃል ተገብቶልኝ የለም እንዴ፣ በለሱ ለምን?" አላለም።

ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሲሠራ ጠላቶቹ ሊያጠቁት ዛቱ። በአንድ ቁጥር ውስጥ ሁለት ነገር አደረገ፤ ወደ አምላካችን ጸለይን፣ በቀንና በሌሊት ጠባቂ አቆምን ይላል (ነህ. 4፥9)። ጥበቃው ጸሎቱን አላፈረሰበትም። ቅጥሩም በ52 ቀን አለቀ።

ሦስተኛው የጳውሎስ መርከብ ነው (ሐዋ. 27)፣ እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ከዚህ የጠራ ታሪክ አላውቅም። መርከቧ ላይ 276 ሰው አለ፣ ማዕበሉ ለቀናት አልቆመም። መልአክ ለጳውሎስ ተገልጦ አብረውህ ያሉት ሁሉ ይተርፋሉ አለው። ጳውሎስም ለሁሉም አይዟችሁ፣ ከእናንተ አንድ ነፍስ አይጠፋም አላቸው። ከዚያ መርከበኞቹ ጀልባ አውርደው በስውር ሊያመልጡ ሲሉ ያው ጳውሎስ ለመቶ አለቃው፦ እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ ልትድኑ አትችሉም አለው። መጀመሪያ "ማንም አይጠፋም"፣ በኋላ "እነዚህ ከሄዱ አትድኑም"። የተጣረሰ ይመስላል፣ ግን አልተጣረሰም። እግዚአብሔር መጨረሻውን ተናግሯል፤ ወደዚያ መጨረሻ የሚያደርሱት መርከብ የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። ወታደሮቹ የጀልባውን ገመድ ቆረጡ። ጳውሎስ ምግብ ብሉ አላቸው፣ ለመዳናችሁ ይሆናልና። ስንዴውን ወደ ባሕር ጥለው መርከቧን አቀለሉ። በመጨረሻ ዋና የሚችል እየዋኘ፣ የማይችል በሳንቃና በመርከቡ ስባሪ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሁሉም ማልታ ደሴት ላይ ደረሱ። በሳንቃ የደረሰውን ሰው "አንተስ እግዚአብሔር አላዳነህም" የሚለው የለም።

በአገራችን ይህን ለመግለጽ ጥሩ አነጋገር አለን፤ "ሐኪሙ ምክንያት ነው፣ የሚያድነው እግዚአብሔር ነው" እንላለን። ምክንያት ማለት እግዚአብሔር የሚሠራበት መንገድ ነው። በለሱ ምክንያት ነው፣ ጠባቂው ምክንያት ነው፣ ሳንቃው ምክንያት ነው። መታመን ውጤቱን ለእግዚአብሔር መተው ነው። ድርሻችን ደግሞ በእጃችን የተሰጠውን ምክንያት መጠቀም ነው።

"መፈታተን" የሚባለውስ የቱ ነው?

ሰይጣን ጌታን ወደ መቅደስ ጫፍ ወስዶ ራስህን ወደ ታች ወርውር ሲለው ጥቅስ ጠቅሶ ነበር። መላእክት በእጃቸው ያነሡሃል የሚል፣ ከመዝሙረ ዳዊት። ጥቅሱ እውነት ነው። ጌታ ግን "ጌታን አምላክህን አትፈታተነው" ብሎ መለሰ (ማቴ. 4፥7)። ወደ መሬት የሚያወርድ ደረጃ ያለው ሰው በመዝለል የሚያሳየው እምነት የለም። ራሱ አደጋውን ፈጥሮ "አሁን አድነኝ" ማለቱ እግዚአብሔርን ለፈተና ማቅረብ ነው።

መድኃኒት በእጁ ያለ ሰው "ካቆምኩ እግዚአብሔር ኃይሉን ያሳያል" ብሎ ሲያቆም ወደዚያ ጫፍ እየወጣ ነው። መድኃኒት አጥቶ "አንተው ድረስልኝ" የሚለው ሰው ግን ሌላ ነው። እሱ ከመርከቡ ላይ ነው ያለው። ሁለቱን አንድ ላይ መፍረድ ግፍ ይሆናል። ከ1997 በፊት እንጦጦ የወጡትን አስታውሱ።

ሐኪም ስለመፈለግ የሚነቅፍ ጥቅስ የለም?

ሁለት ይጠቀሳሉ። አንዱ ንጉሥ አሳ ነው። እግሩን ታሞ "ባለ መድኃኒቶችን እንጂ እግዚአብሔርን አልፈለገም" ይላል 2ኛ ዜና መዋዕል 16፥12። የተነቀፈው ምንድን ነው? እግዚአብሔርን አለመፈለጉ። ሁለተኛዋ 12 ዓመት ደም የፈሰሳትና ገንዘቧን ለባለ መድኃኒቶች የጨረሰችው ሴት ናት (ማር. 5)። ወንጌሉ ያጋጠማትን ይነግረናል፣ ወደ ሐኪም በመሄዷ ግን አልወቀሳትም። እሷም እቤቷ ተቀምጣ አልጠበቀችም፤ በሕዝቡ መሃል ተጋፍታ ልብሱን ነካች። ከወንጌል ጸሐፊዎች አንዱ፣ ሉቃስ፣ ራሱ ሐኪም እንደነበረም አንርሳ (ቆላ. 4፥14)።

አባቶችስ ምን አሉ?

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 81 መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፈ ሲራክ አለ። ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር ይላል፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። ቅደም ተከተሉ ደግሞ ያስደንቃል። ስትታመም ጸልይ፣ ከኃጢአት ራቅ፣ መሥዋዕትህን አቅርብ፣ ከዚያ ለባለ መድኃኒቱ ቦታ ስጠው፣ እሱም ያስፈልግሃል። ሐኪሞቹም ራሳቸው እንዲቃናላቸው ይጸልያሉ ይላል። ዛሬ እኛ እንደ ጠላት የምናያቸው ሁለቱ ነገሮች እዚያ በአንድ ምዕራፍ ተቀምጠዋል።

በቅዳሴያችን ስሙ የሚጠራው ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሣርያ በ4ኛው መቶ ዘመን በከተማው ለድሆችና ለሕሙማን መታከሚያና ማረፊያ ሠርቷል። ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት "ሕክምና ለመንፈሳዊ ሰው ይገባል ወይ?" የሚለውን ጥያቄ በቀጥታ አንስቶ መልሶታል። ከእርሻ ጋር ነው ያነጻጸረው። ምድር እሾህ ስታበቅል እግዚአብሔር ለሰው እርሻን እንደሰጠ፣ ሥጋ ሲታመም ደግሞ ሕክምናን ሰጠ ይላል። የእኛ ገበሬ ይህን ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም። ያርሳል፣ ይዘራል፣ ከዚያ ሰማይ ሰማይ እያየ ይለምናል። ዝናብ ሲጠፋ ምህላ ይወጣል። ዝናቡ የእግዚአብሔር ነው ብሎ ሳያርስ የተቀመጠ ገበሬ ግን ጎረቤቶቹ አማኝ ብለው አያከብሩትም። ባስልዮስ በሌላ በኩልም ያስጠነቅቃል፤ የጤናን ተስፋ ሁሉ በሐኪም እጅ ላይ ብቻ መጣል አይገባም ይላል።

ወደ እንጦጦ እንመለስ። በ1999 ዓ.ም. (2007) አምስተኛው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ነገሩን በይፋ ተናገሩ፤ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው፣ አይጣሉም፣ አብረው ይወሰዱ አሉ። ለጸበልተኛው ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። ክኒኑን በድብቅ ይውጥ የነበረው ሰው መደበቁን የሚተውበት በር ተከፈተለት።

በወንጌላውያን በኩልም ቢሆን ጸሎትና ሕክምና አብረው ነው የመጡት። ወንጌል የሰበኩት ሚሲዮናውያን ክሊኒክም ይከፍቱ ነበር። ዛሬ አለርት የምንለው የአዲስ አበባ ሆስፒታል መነሻው እንደ አውሮፓውያኑ በ1930ዎቹ ሚሲዮናውያን ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ያቋቋሙት ሕክምና ነው።

ተቃራኒው ስህተትስ የለም?

አለ፣ ስሙም አሳ ነው። ክኒኑን እየዋጠ ጸሎቱን እርግፍ አድርጎ የተወ ሰው፣ ሁሉንም በሩጫና በገንዘብ እንደሚጨርስ የሚያስብ ሰው እዚህ ውስጥ ይገባል። "እግዚአብሔር የሚረዳው ራሱን የሚረዳውን ነው" የሚለውን አባባል ብዙዎች የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ይመስላቸዋል። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የለም። ደግሞም ራሱን መርዳት ለማይችል ሰው፣ አልጋ ላይ ለወደቀው፣ ክፉ ወሬ ነው። መጻጉዕ 38 ዓመት ተኝቶ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው ሲያጣ ጌታ ራሱ ነው የመጣለት። ምሳሌ 21፥31 ሚዛኑን በአንድ መስመር አስቀምጦታል፦ "ፈረስ ለጦርነት ቀን ይዘጋጃል፤ ድል ግን ከእግዚአብሔር ዘንድ ነው።" ፈረሱን የማዘጋጀት ሥራ የኛ ነው።

ጾሙና የክኒኑ ሰዓትስ?

አብዛኛው ግጭት በሰዓት ነው የሚነሳው። ጸበል በባዶ ሆድ ነው፣ ጾምም አለ፣ ክኒኑ ደግሞ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይወሰዳል። ብዙዎች ሐኪሙ ይቆጣኛል ብለው ሳይናገሩ ሰዓቱን በራሳቸው ያዛባሉ። ተናገሩ። በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ሊዞር ይችላል፣ ባለሙያው ያስተካክለዋል። የስኳር ሕመምተኛ ከጾም በፊት ሐኪሙን ማማከሩ የግድ ነው፤ ሳይበሉ ኢንሱሊን መወጋት ስኳሩን አውርዶ ሊገድል ይችላል። ለንስሐ አባትም መንገር ጥሩ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የታመመን ሰው ከጾም ግዴታ ያሳርፋል፣ ንስሐ አባትም እንደ አቅማችሁ ያዝዛሉ። ሁለቱ ሰዎች፣ ሐኪሙና ንስሐ አባቱ፣ ሙሉውን ታሪክ ካወቁ አብዛኛው ጭንቀት ይቀላል።

በእውነት ድኛለሁ ብዬ ካመንኩስ?

ጌታ አሥሩን ለምጻሞች ሂዱና ራሳችሁን ለካህናት አሳዩ አላቸው (ሉቃ. 17፥14)። በኦሪቱ ሕግ ለምጻም ነጽቷል ወይ ብሎ የሚመረምረው ካህኑ ነበርና። ጌታ የፈወሰውን ሰው ለምርመራ ላከው። ስለዚህ ድኛለሁ የሚል ሰው ክኒኑን እየወሰደ ሄዶ ይመርመር፣ "ይቁም" የሚለውን የሚመለከተው ሐኪም ይበል። እግዚአብሔር የሠራው ሥራ ምርመራ አይፈራም። አንድ አጥማቂ፣ ፓስተር ወይም ነቢይ ነኝ ባይ መድኃኒትህን ጣል ቢላችሁ ግን ይህን ጥቅስ አሳዩት፣ መድኃኒታችሁንም ያዙ።

ካቆምኩ ቆይቻለሁ፣ አሁንስ?

ተመለሱ። ዛሬ ደህና ቢሰማችሁም። ቫይረሱ ሲመለስ ለረጅም ጊዜ ምልክት ላያሳይ ይችላል። እቤት የቀረውን የድሮ ክኒን በራሳችሁ አትጀምሩ። ወደምትከታተሉበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ፣ እዚያ መሄድ ከከበዳችሁ ወደ ሌላ። የመድኃኒቱ ዕቃና የቀጠሮ ካርዱ ካለ ያዙ። መቼ እንዳቆማችሁ በትክክል ንገሯቸው፣ ጸበል ላይ እንደነበራችሁም ጭምር፤ የሚመረመረው ነገርና የሚሰጠው መድኃኒት በዚያ ላይ ሊወሰን ይችላል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም የምታጠባ ሴት ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ትሂድ፤ የልጁም ጤና አብሮ ያለበት ነውና።